ጃርቱ ሾተልና የሞገዴ ድልድይ

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ ወሬ ያላችሁ ዋጥ አድርጉት። ተረት ልነግራችሁ ነው። «ንገረን!» በሉኝ። እናንተ «ንገረን» ካላላችሁኝ የኔም አፍ አይፈታም። እንግዲህ ስሙኝ።

ድሮ፣ ድሮ፣ ድንጋይ እንኳ ሲጠሩት «አቤት» ይል በነበረበት ዘመን፣ ሞገዴ የሚባል ወንዝ ነበር። ከወንዙ ወዲህ ዝቅ ያለ ሜዳ፣ ከወንዙ ወዲያ ዋሻ የበዛበት ተራራ አለ። አውሬዎቹ የሚኖሩት በሜዳው ላይ ነው። ሣሩ እዚያ፣ ሥራሥሩ እዚያ፣ ሾላው እዚያ ነበርና። ሞገዴ በጋም ቢሆን የገባበትን የማይመልስ ጥልቅ ወንዝ ነው። ሲከርም ደግሞ ይብስበታል። ያብጣል፣ ይሰፋል፣ ዳሩን ጥሶ ወደ ሜዳው ይወጣል።

«እመጣለሁ!» ይላል። «የማን ቤት ነው? የማን ጉድጓድ ነው? እመጣለሁ!»

ባለፈው ክረምት መጣ። የከርከሮዎቹን ጉድጓድ ሞላ። ሚዳቋዋ ግልገሏን ሣር ውስጥ ሸሽጋ ለግጦሽ ራቅ ብላ ነበር፤ ስትመለስ ሣሩም የለም፣ ግልገሉም የለም። ከዚያ ወዲህ ውሃ ልትጠጣ ስትጎነበስ እንኳ ዓይኗን ትጨፍናለች።

ሚያዝያ ላይ አውሬዎቹ ሾላው ሥር ተሰበሰቡ። ሽማግሌያቸው ኤሊው አባ ዝግታ ናቸው። አንገታቸውን አወጡና እንዲህ አሉ፦

«ሞገዴ ዘንድሮም ይመጣል። እኛ ግን ሳይመጣ ወደ ተራራው እንሻገር። ለመሻገር ድልድይ፣ ለድልድይ ባለሙያ፣ ለባለሙያ አለቃ ያስፈልጋል። ማን ይሁን?»

ያን ጊዜ ጃርቱ ሾተል ተነሳ። ሾተል ነብር እንኳ መንገድ የሚለቅለት፣ እሾሁን ሲያቆም ከሽ፣ ከሽ፣ ከሽ የሚል ጎበዝ ነበር።

«ለኔ ስጡኝ» አለ። «ክረምት ሳይገባ አሻግራችኋለሁ።»

«ልጄ፣ ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ነው» አሉት አባ ዝግታ።

«ግድ የለም፣ አባ። እኔ እይዘዋለሁ።»

ሰጡት።

ሾተል ሦስት ባለሙያ መረጠ። አንደኛዋ ሸረሪቷ ፈትሌ ናት፤ ክር መወጠርና መቋጠር የሷ ነው። ሁለተኛው ከርከሮው ዶማው ነው፤ መሬት መቆፈርና ምሰሶ መትከል የሱ ነው። ሦስተኛዋ ጉሬዛዋ ዘርፌ ናት፤ ከዛፍ ዛፍ ዘላ ወንዙን መሻገር የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች። ሾላው ላይ የተጠመጠመችው አሮጊቷ ሐረግ ደግሞ «ለልጆቹ ስል» ብላ ረጃጅም ክንዶቿን ሰጠች፤ ክንዶቿም ተቆረጡ።

ሾተል በልቡ «ሁሉ የሚፈራው እኔን ነው፤ የሚፈራ ሠራተኛ ደግሞ አይዘገይም» አለ። ሦስቱን ሰብስቦ በጥፍሩ መሬት ላይ አንድ መስመር አሰመረ።

«ከዚህ እስከዚያ ቀጥ ያለ፣ ድርቅ ብሎ የተወጠረ ድልድይ ነው የምንሠራው። ገባችሁ?»

ፈትሌ አንድ እግሯን አነሳች። «አያ ሾተል፣ እንዲያ ከተወጠረ እኮ ንፋስ ሲመታው ይበጠሳል። ትንሽ ረገብ ቢል...»

ከሽ፣ ከሽ፣ ከሽ! እሾሁ ቆመ።

«አንቺ ደግሞ ስንት ትመዝኛለሽና ነው ስለ ክብደት የምታስተምሪኝ?»

ፈትሌ እግሯን መለሰች። ዶማው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ገጠመው። ዘርፌ ወደ ሰማይ አየች። አሮጊቷ ሐረግም ልትናገር የነበረውን ዋጠችው።

ሥራው ተጀመረ። ወሬ የለም፣ ሳቅ የለም፣ ጥያቄ የለም። ዶማው ቆፈረ፣ ፈትሌ ቋጠረች፣ ዘርፌ ጫፉን ይዛ ተሻገረች። ሾተል ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ «ይኸው! ሥራ ማለት እንዲህ ነው!» ይላል። ሞገዴ ብቻ ከሥር ያጉረመርማል።

በሃያ ቀን ድልድዩ አለቀ። ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ድልድይ ነበር። ሾተል አውሬውን ሁሉ ጠራ። ዘርፌ ገና ጨቅላ በመሆኑ ጠጉሩ ነጭ የሆነ ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ቀድማ ወጣች። አንድ እርምጃ ሄደች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ሦስተኛው ላይ ንፋስ መጣ።

ጧ!

ድልድዩ ከመሃል ተበጠሰ፣ በወዲህ ያለው ምሰሶም ተነቅሎ ሄደ። ዘርፌ በአንድ እጇ ቁራጩን ያዘች፣ በአንድ እጇ ልጇን ያዘች። ሞገዴ እግሯን እየላሰ «ጣይው! ጣይው!» አላት። አልጣለችውም። ስትንፏቀቅ፣ ስትንጠላጠል ዳር ደረሰች። ሲጎትቷት ክንዷ አይነሳም፤ ልጇ ግን ያለቅሳል። ማልቀሱን ሲሰሙ ሁሉም ተነፈሱ።

ሾተል ደነገጠ፤ ድንጋጤውም ቁጣ ሆነ። «የማን ጥፋት ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ምሰሶው ባይነቀል ኖሮ» አለች ፈትሌ።

«ሐረጉ ባይበጠስ ኖሮ» አለ ዶማው።

ሐረግ ግን ምንም አላለችም። ሾተልም ከዝምተኛዋ ላይ ጣለው። «አሮጊት ሐረግ ይዤ ጉድ ሆንኩ!» አለና ቁራጩን ወንዝ ውስጥ ወረወረው።

አባ ዝግታ ወደ ሾተል ሄዱ። መሄድ ሲባል ጧት ተነስተው ከሰዓት ደረሱ። «ልጄ፣ ቁጣህን ተው» ብለውት ተመለሱ።

ሾተል ምክሩን ሰማ፤ ግን ግማሹን ነው የሰማው። በማግስቱ እሾሁን አስተኝቶ፣ ፊቱን አፍክቶ መጣ።

ፈትሌ «አያ ሾተል፣ ድልድዩ ከሾላው ሥር ይነሳና ረገብ ይበል» አለችው።

«ግሩም ነው፣ ፈትሌ! እንዳልሽው!»

ዶማው «አያ ሾተል፣ የሾላው ሥር አሸዋ ነው፤ ምሰሶውን ከላይ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ዘንድ ልትከል» አለው።

«ድንቅ ነው፣ ዶማው! እንዳልከው!»

ዘርፌ ክንዷ ሲሻላት መጣች። «አያ ሾተል፣ ወንዙ እንዳይደርስበት ከዛፎቹ ጫፍ ላይ እናድርገው» አለች።

«ወርቅ ሐሳብ ነው፣ ዘርፌ! እንዳልሽው!»

ሁሉም ደስ ብሎት ሄደ። እያንዳንዱ በየፊናው ሠራ። ሾተልም ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ «ግሩም! ድንቅ! ወርቅ!» ይላል። በሰኔ መጀመሪያ ቆመው ሲያዩት የዶማው ምሰሶ ከላይ፣ የፈትሌ ገመድ ከታች፣ የዘርፌ መረማመጃ ደግሞ ከሰማይ ላይ ነው። አንዱ ከአንዱ አይገናኝም።

ሚዳቋዋ አንጋጣ ዛፉን አየች። «እኔ በየት በኩል ነው የምወጣው?» አለች።

«ለኔ እኮ እንዳልሽው ብሎኛል!» አለች ፈትሌ።

«ለኔስ እንዳልከው አላለኝም?» አለ ዶማው።

«እኔንማ ወርቅ ነው ብሎኛል!» አለች ዘርፌ።

ያን ቀን ተጣሉ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ሞገዴ አንድ ክንድ ከፍ አለና የፈትሌን ገመድ አንድ ባንድ ለቃቅሞ ወሰደ። ፈትሌ ስምንት እግሯን ሰብስባ ወደ ሾላው ስንጥቅ ገባች፤ ደጇንም በድር ዘጋች። ዶማው ጉድጓዱ ገባ። ዘርፌ ዛፏ ላይ ወጣች። ሾተል ብቻውን ቀረ።

ብቻውን ወንዙ ዳር ተቀመጠ። ሞገዴ «እመጣለሁ» አለው፤ አሁን ድምፁ ወፍሯል። ሾተል፣ ከነብር ጋር ሲፋጠጥ ያልፈራው ጃርት፣ ያን ቀን ፈራ። የፈራው ግን ለራሱ አልነበረም። ሚዳቋዋን አሰበ፤ ዓይኗን ጨፍና ውሃ ስትጠጣ ታየችው። «ስቆጣ ሰበርኩት፤ ሳሞግስ በተንኩት። ታዲያ እንዴት ነው የሚያዘው?» አለ።

ሲነጋ ወደ ሾላው ስንጥቅ ሄደ። በድሩ ውጪ ቁጭ አለ።

«ፈትሌ!»

«የለሁም።»

«ባትኖሪም እንኳ ስሚኝ። ያኔ ትክክል ነበርሽ። ድልድዩን ንፋስ ነው የበጠሰው።»

ድሩ ትንሽ ተነቃነቀ። «እሱንማ አውቃለሁ።»

«ሌላ የምታውቂውን ንገሪኝ።»

«ልንገርህ? ስትቆጣ ፈራንህ፤ የምናየውንም ደበቅንህ። ስታሞግሰን ደግሞ ብቻችንን ቀረን። ሁሉን እሺ የሚል አለቃ፣ አለቃ እንደሌለ ነው። እኔ ገመድ አውቃለሁ፣ መሬት አላውቅም። ዶማው መሬት ያውቃል፣ ንፋስ አያውቅም። አንተ መሃላችን ቁጭ ብለህ ሰምተህ፣ 'ይህ ይሁን፣ ይህ ይቅር' ካላልክ፣ ማን ይበል?»

የሾተል እሾህ አልቆመም። «ነይ፣ እንሥራ» አላት።

«አልመጣም። ትክክል ነበርሽ ያልከኝ እዚህ፣ ስንጥቅ ሥር ነው። ስታዋርደኝ ግን በሁሉ ፊት ነበር።»

ሾተል ተነሳ። ወደ ሾላው ሥር ሄዶ አውሬውን ሁሉ ጠራ። ዶማው መጣ፣ ዘርፌ ልጇን አዝላ መጣች፣ ሚዳቋዋ መጣች፣ አባ ዝግታም ዘግይተው መጡ።

«የመጀመሪያው ድልድይ የተበጠሰው በኔ ነው» አለ። «ፈትሌ ነግራኝ ነበር፤ አፏን ዘጋሁት። እሷን ዝም ሳሰኝ እናንተንም ዝም አሰኘሁ። ዘርፌ ከነልጇ ልትጠፋ የነበረው በዶማው አይደለም፣ በፈትሌ አይደለም፣ በሐረጊቱም አይደለም። በኔ ነው። አሁን ንገሩኝ። ያኔ አይታችሁ ያልተናገራችሁት ምንድን ነው?»

ከዚያ ከሾላው ላይ የቀጠነ ድምፅ ተሰማ፤ አሮጊቷ ሐረግ ናት።

«ደርቄ ነበር፣ ልጄ። ሃያ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ጣላችሁኝ። ሐረግ ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ በእርጥቡ ነው የሚጎነጎነው።»

ዶማው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም ከምሰሶው ሥር ያለውን አሸዋ አይቼው ነበር።»

ዘርፌ «እኔ ስሻገር ሐረጉ ሲንቋቋ ሰምቼ ነበር» አለች። «አለቃው ደስ ብሎት ስላየሁ ዝም አልኩ።»

ሾተል አንድ ባንድ አዳመጠ። እያንዳንዱ ቃል እንደ እሾህ ወጋው፤ ለካ የሌላ እሾህ እንዲህ ያማል! ቀና ሲል ፈትሌ በድሯ ተንጠልጥላ ከላይ እየወረደች ነው።

«በል፣ የት እንጀምር?» አለችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራው እንዲህ ሆነ። ጧት ጧት፣ ፀሐይ ተራራው ትከሻ ላይ እስክትደርስ፣ ሁሉም ያየውን ይናገራል። ማንም ማንን አያቋርጥም። ፀሐይ ትከሻው ላይ ስትደርስ ሾተል ይወስናል። ከተወሰነ በኋላ ሁሉም በዚያው ይሠራል። ክርክሩ የጦፈ ነበር፤ ዶማው ይጮኻል፣ ፈትሌ ትዘላለች፣ ዘርፌ ትስቃለች። አዎ፣ ሳቅም ተጀመረ።

ፈትሌና ዶማው ስለ ምሰሶው ቦታ ሲሟገቱ ሾተል ሁለቱንም ሰማና «ቦታው የዶማው ይሁን፤ መሬቱን የሚያውቀው እሱ ነው። ድልድዩ ይረግባል፤ ይኼ የፈትሌ ነው። የዘርፌን የዛፍ ጫፍ ግን ዘንድሮ እንተወዋለን፤ ሚዳቋ ዛፍ አትወጣም» አለ። ዘርፌ ትንሽ አኮረፈች፤ ከዚያ ሚዳቋዋን አይታ ተወችው። ሐረጊቱም አዲስ ክንዶቿን ሰጠች፤ ውሃ ውስጥ ተነከሩ።

ሥራው ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ዶማው ዞር ሲል ክራንቻው ዋናውን ሐረግ ያዘውና ሸረከተው። እኩሌታው ተቆረጠ። ሁሉም ቀጥ አለ። ዓይን ሁሉ ወደ ሾተል ጀርባ ሄደ።

ከሽ... እሾሁ ተነሳ። ጃርት ነውና ይነሳል። ሾተል ግን ፊቱን አዞረ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ጀርባ ሄደ፣ ራሱን ሦስት ጊዜ አራገፈ፣ ተመለሰ። እሾሁ ተኝቷል።

«ዶማው፣ ተጎዳህ?»

«አልተጎዳሁም» አለ ዶማው። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ስለነገርከን ደግ አደረግክ። አሁን እንዴት እናድነው?»

ሁሉም ቀረበ። ዘርፌ ቁስሉን በጣቶቿ ዳሰሰች። ሐረጊቱ «ሦስት ቀጫጭን ክንድ አለኝ» አለች። ፈትሌ ዞረች፣ ዞረች፣ ቆመች። «ሦስቱን እንደ ሹሩባ ብንጎነጉናቸውስ?» አለች። ጎነጎኑት። ዶማው በሙሉ ጉልበቱ ጎተተው፤ አልተበጠሰም። ከዋናው ሐረግ ይልቅ ጠነከረ! ሌላውንም ሁሉ ፈተው እንደዚያው አደረጉት።

ሐምሌ ገባ። ሰማዩ ጠቆረ፣ ሞገዴ ሜዳው ላይ መውጣት ጀመረ። «መጣሁ!» አለ። «የማን ቤት ነው? መጣሁ!»

«ማን ይቅደም?» አሉ አውሬዎቹ።

«እኔ» አለ ሾተል።

ድልድዩ ላይ ወጣ። መሃል ሲደርስ ንፋስ መጣ። ድልድዩ ተወዛወዘ፣ ወንዙ ከሥር አረፋ ደፈቀ። «ና ወዲህ፣ ባለ እሾህ!» አለው ሞገዴ። ሾተል ወደ ኋላ ዞረ።

«ፈትሌ! ምን ላድርግ?» ብሎ ጮኸ።

«አትታገለው!» አለችው ከዳር። «ሲወዛወዝ ቁም! ሲቆም ሂድ!»

እሱ፣ ነብር መንገድ የሚለቅለት ጃርት፣ ሸረሪት ያለችውን አደረገ። ሲወዛወዝ ቆመ። ሲቆም ሄደ። ሲወዛወዝ ቆመ። ሲቆም ሄደ። ድንጋይ ረገጠ፤ ተሻገረ!

«ኑ!» አለ።

መጡ። ዘርፌ ከነልጇ መጣች። ከርከሮዎቹ በሰልፍ መጡ። አባ ዝግታን ዶማው ጀርባው ላይ አወጣቸውና «እንዲህ በፍጥነት ሄጄ አላውቅም» እያሉ መጡ። በመጨረሻ ሚዳቋዋ ድልድዩ ጫፍ ላይ ደርሳ ቆመች። ወደ ውሃው አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሳትጨፍን አየችው። ከዚያ አንዴ ነጥራ፣ ሁለቴ ነጥራ፣ በሦስተኛው ከወገኖቿ መሃል ገባች።

ሞገዴ ሜዳውን ሞላ። ጉድጓድ ለጉድጓድ እየዞረ «ማን አለ?» አለ። ማንም አልነበረም።

ክረምት ሄደ፣ በጋ መጣ፤ አውሬዎቹም በድልድዩ ወደ ሜዳቸው ተመለሱ። በየክረምቱ እየተሻገሩ ብዙ ዓመት አለፈ። አንድ ዓመት ሾተል አራስ የሆነች ሴት ልጁን ሊጠይቅ ከተራራው በስተጀርባ ሄዶ ሳለ «ግንድ ወድቆ ድልድዩን ሰበረው» የሚል ወሬ ደረሰው። ዝናብ ሊጥል ደመና ተሸክሟል። ሾተል ስንቁን ጥሎ ሮጠ። «ያለኔ ምን ይሆናሉ?» እያለ ሮጠ። ጉብታው ላይ ሲደርስ ጩኸት ሰማ።

ቀረብ ብሎ ሲሰማው ግን ክርክር ነው።

«ሰኮናዬ እዚህ ላይ ይሾልካል፤ ጠበቅ ይበል!» ትላለች ሚዳቋዋ።

«ጠበቅ ካለ ንፋሱስ?» ትላለች ፈትሌ።

«መሃሉ ይርገብ፣ ዳር ዳሩ ይጥበቅ!» ትላለች ዘርፌ ከላይ።

«እሱስ ያስኬዳል» አለች ፈትሌ። ተሳሳቁ፤ መጎንጎንም ጀመሩ።

ሾተል ጉብታው ላይ ቆመ። የፈለገው የለም፣ የጠበቀው የለም። ደረቱን አንድ ነገር ሞላው፤ ቅር የሚያሰኝ ነገር አይደለም። አርሶ፣ ዘርቶ፣ ቡቃያ ያየ ገበሬ የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው። እንዲያው ቆሞ ሲያይ ዶማው ቀና ብሎ አየው።

«አያ ሾተል! ቆመህ ከምታይ ያንን ጫፍ ያዝልን እንጂ!»

ሾተልም ወረደና ጫፉን ያዘ።

የሠራተኛውን አፍ የሚዘጋ አለቃ፣ የራሱንም ዓይን አብሮ ይዘጋል። ሰምቶ የሚወስን፣ ሲሳሳት «እኔ ነኝ» የሚል ግን፣ እሱ በሌለበት እንኳ ሥራው ይቀጥላል።

እኔ የተሸከምኩትን ተረት አወረድኩ፤ ትከሻ ያለው ያንሳው። እናንተም «አፍህ አይድረቅ» በሉኝ።